ጋሼ፣ ጫማዎ!

ባለፈው ክረምት አየር ጤና ዳቦ ገዝቼ ስመለስ አንድ ሊስትሮ «ጋሼ፣ ጫማዎ! ጫማዎ ወልቋል!» እያለ ከኋላዬ ተከተለኝ። ዞር ስል የቀኝ እግሬ ነጠላ ጫማ ጭቃ ውስጥ ተሰንቅሮ ቀርቷል። በባዶ እግሬ ስንት እርምጃ እንደሄድኩ እንጃ፤ የጭቃው ቅዝቃዜ እንኳ አልተሰማኝም።

ነገሩ የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ በሰው ሻንጣ አንድ ትልቅ የቫይታሚን ብልቃጥ ላከችልኝ። (አየር ጤና የሚባል ሰፈር ተቀምጦ ጤና ከባሕር ማዶ ማስመጣት!) በዋጥኩ ማግስት ሽንቴ የአደይ አበባ መሰለ። የወፍ በሽታ ያዘኝ ብዬ ኑዛዜ ላሰናዳ ምንም አልቀረኝ። ለካ ቢ2 ነው፤ ሰውነት ትርፉን ሲያስወጣ እንዲያ ያቀልመዋል። እኔም «ትርፉ ከወጣ ምን ይጎዳኛል?» ብዬ ቢ ኮምፕሌክስ ጨመርኩ። እግሬን ይነዝረኝ ሲጀምር ደግሞ «ለነርቭ» የሚል ሦስተኛ ብልቃጥ። እግሬ በደነዘዘ ቁጥር እሱን አጥብቄ ያዝኩ። ሚስቴ «አንተ ሰውዬ፣ ቁርስህ ክኒን ሆነ እኮ» ስትለኝ፣ «መድኃኒት መሰለሽ? ቫይታሚን ነው!» እላታለሁ።

ከጫማው በኋላ ስኳር ነው ብዬ ተመረመርኩ። ስኳር የለም። ልጄ የምትሆን ሐኪም «አባባ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» አለችኝ።

«የለም፣ ቫይታሚን ብቻ።»

ሳቀችና ሁሉንም ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። በማግስቱ ፌስታሌን ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኩ። የብልቃጦቹን ጀርባ እያነበበች ቢ6ን ብቻ ደመረች፤ 2፣ 50፣ 100። በቀን 152 ሚሊግራም! ለኔ ዕድሜ የሚያስፈልገው 2 እንኳ አይሞላም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው ከ100 አትለፉ ይላሉ፤ አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. በ2023 ጣሪያውን 12 ላይ አድርገውታል። ለቲቢ ሕሙማን ከመድኃኒታቸው ጋር የሚሰጠው እግራቸው እንዳይደነዝዝ ነው፤ ያው ቢ6 ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ግን ራሱ ያደነዝዛል። የነርቭ መድኃኒቴ ነርቬን ሲበላ ከርሟል።

«ቫይታሚን ኤ ቢሆን ጉበትዎን ነበር» አለች። ለሕፃናት የሚታደለው በየስድስት ወሩ የሆነው ጉበት ስለሚያጠራቅመው ነው፤ ትርፉ እንደ ቢ2 በሽንት አይሄድም።

ክኒኑን ካቆምኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ግራ እግሬ ነቅቷል፤ የቀኙ አውራ ጣት ግን ዛሬም ጠጠርና ጥጥ አይለይም። ብልቃጦቹን ሚስቴ አጥባ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ሞልታባቸዋለች።