ድንጋይ ነው አይደል?

ከተማችን ድሮ ወጀት ትባል ነበር፤ ኋላ ፍኖተ ሰላም ተባለች፣ የሰላም መንገድ። ባለፈው ኅዳር ከእኔ ጓሮ የሚወጣው ድምፅ ግን ሌላ ስም ሊያሰጣት ምንም አልቀረው። ባለ ድንጋይ አሮጌ ግራይንደር ገዝቼ ነበር። «ሞተሩ ጤነኛ ነው» ተብዬ። እውነትም ሞተሩ ጤነኛ ነበር።

ማብሪያውን ስጫን ጠረጴዛው ወደ በሩ ይሄዳል። መፍቻው ይከተለዋል። ዶሮዎቹ ቀድመው ወጥተዋል። ጎጃም ውስጥ ትከሻ ቢንቀጠቀጥ የሚከፋው የለም፤ እስክስታ በሚመታ ማሽን ፊት መጥረቢያ ይዞ መቆም ግን ሌላ ነው።

ጥፋቱን ከድንጋዩ በቀር በሁሉም ላይ ፈለግሁ። የጠረጴዛውን እግር በባሕር ዛፍ ሽብልቅ ደገፍሁ፤ ብሎን አጠበቅሁ፤ መብራቱን ረገምሁ። ጎረቤቴ «ድንጋዩን ውኃ ውስጥ ንከረው፣ ይረጋጋል» ቢለኝ ነክሬው ቆሞ አደረ። ውኃው ወደ ታች ወርዶ አንዱ ጎን ከበደ፤ በማግስቱ ጠረጴዛው በሩ ጋ የደረሰው በግማሽ ጊዜ ነው። (እንዲህ የከበደ ድንጋይ ሊፈነዳም ይችላል፤ ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው።)

አክስቴ በርበሬ ይዘው ከቡሬ መጥተው ነበር። ጆሯቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር ተወቅሯል?»

«እትየ፣ ይኼ እኮ የኤሌክትሪክ ነው።»

«ድንጋይ ነው አይደል?»

«ድንጋይማ ነው።»

«እንግዲያስ ይወቀራላ!»

ቀረብ ብዬ አየሁት። የቀድሞው ባለቤት አሉሚኒየም ስሎበት ኖሮ ቀዳዳው ሁሉ ተደፍኖ እንደ መስታወት ያበራል፤ ዙሪያውም ጎብጧል። በሰከንድ ወደ 50 ጊዜ የሚዞር ድንጋይ ላይ አንዲት ጉብታ ማለት በሰከንድ 50 ጉስሚያ ማለት ነው።

ቡሬ ሄጄ ከአንድ ብየዳ ቤት መወቀሪያውን ተዋስሁ፤ ጫፉ ላይ ኮከብ የመሰሉ ጥርሳም ቀለበቶች የሚሽከረከሩበት እጀታ ነው። ድንጋዩን በፀሐይ አድርቄ፣ ገበያ ላይ ማሰሮ እንደሚገዛ ሰው በጣቴ አንጠልጥዬ በእንጨት እጀታ መታ አደረግሁት። የተሰነጠቀ ቢሆን ድፍን ይል ነበር፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። የወረቀት ቀለበቶቹን በየጎኑ መልሼ ድንጋዩን አሰርሁት፤ መነጽርና ጭምብል አድርጌ፣ ወደ ጎን ቆሜ፣ ሙሉ ፍጥነቱን እስኪይዝ ጠበቅሁ። ከዚያ መወቀሪያውን በብረት መደገፊያው ላይ አሳርፌ፣ ሳልጫን ከዳር ዳር ወሰድሁት። መጀመሪያ ታ-ታ-ታ አለ፤ ጉብታውን ብቻ እየነካ ነው። ቀስ በቀስ ታታታው ተያይዞ አንድ ወጥ ሹክሹክታ ሆነ።

አክስቴ እስከ አፉ የተሞላ ስኒ ቡና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «አብራ» አሉኝ። ቡናው ገጹ ተሸበሸበ እንጂ አልፈሰሰም።

«እኔ ወፍጮ ስወቅር አርባ ዓመት ወገቤ ተቆረጠ፤ አንተ አንድ ቀን ወቅረህ ዱቄት ቤት የዋልህ መስለሃል» አሉና ሦስት ቢላዋ ዘረገፉልኝ፤ ሁለቱ የጎረቤት ነው።

ዶሮዎቹ ግን እስካሁን በዚያ በኩል አያልፉም።