ቅርስ ለቁርስ

«ድንጋይ ምን ይሆናል?» አለ ወዳጃችን። ጎበዝ፣ ሰማችሁልኝ? «ላሊበላ ስምንት መቶ ዓመት ቆሟል፤ ዛሬ ዝናብ ያፈርሰዋል?» እሺ ጌታዬ! ስምንት መቶ ዓመት የቆመ ነገር አይደክመውም ማለት ነው? አንተ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሩብ ሰዓት ቆመህ አገር ታማርራለህ።

ደግሞ ድንጋይ ሁሉ እንዳንተ ጭንቅላት ውሃ አያስገባም ያለህ ማን ነው? የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ አለት ነው። ይጠጣል። በውስጡ ያለው ሸክላማ ማዕድን ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይኮማተራል። ልክ እንዳንተ ኪስ፤ ደመወዝ ሲገባ ማበጥ፣ በሳምንቱ መኮማተር። ልዩነቱ፣ ኪስህ ሲኮማተር ትበደራለህ፤ አለቱ ሲኮማተር ይሰነጠቃል። አለት በዕለት አይፈርስም ካልክ ልክ ነህ። ዕለት በዕለት ነው የሚፈርሰው።

እስቲ አንዷን ጠብታ ብቻ ተከተላት። ጥላ ካልተሠራላቸው አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ጣራ ላይ አረፈች። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘች። ሳታንኳኳ ገባች። ውስጥ ለውስጥ ተሹለክልካ በግድግዳው በኩል ብቅ ስትል ባዶ እጇን አይደለችም፤ ከአለቱ ዱቄት ቆንጥራለች። ነገ እህቷን ይዛ ትመጣለች። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል፤ አንተ ግን ገና ሳትወሰድ ትስቃለህ።

«ዝናቡ እንደሆነ ያው የድሮው ዝናብ ነው!» አይ ሊቁ! አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ገደማ ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል። የተሸከመውን ደግሞ አንድ ቦታ ማራገፉ አይቀርም። ሲያራግፍ ቀስ ብሎ አይደለም፤ ባንዴ ዘርግፎት ይሄዳል። አንተ ቁርስህን ሳትጨርስ ቅርስህን ቁርስ አድርጎት ይነሳል።

«የአየር ንብረት ለውጥ የፈረንጅ ወሬ ነው» ደግሞ አለ። በልግ ጠፍቶበት በግ የሸጠ የላስታ ገበሬ ፈረንጅ ነው? ቀጥል።

«መላእክት የሠሩትን መላእክት ይጠብቁታል።» አሜን! በዚህስ አልጣላህም። ግን የመላእክቱን ሥራ ጎንበስ ብለህ አይተኸዋል? ቦይ አለው! ግቢው ተዳፋት ነው፤ ጎርፉ የሚሄድበት መንገድ አብሮ ተፈልፍሏል። ቤተ ጊዮርጊስ ወደ ታች 12 ሜትር ገደማ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ በየክረምቱ መዋኛ ገንዳ ያልሆነው ለምን ይመስልሃል? የውሃ መውጫ ስላለው ነዋ! እንግዲህ ቦዩን ወይ መልአክ ቆፍሮታል፣ ወይ ሰው ቆፍሮታል። ሁለቱም ካንተ ይሻላሉ፤ አንተ የሰፈርህን ቱቦ በፌስታል ደፍነህ ጎርፉን ትረግማለህ።

«ታዲያ አንድ ነገር ቀብተው አይገላገሉም?» አየ ቀቢ! ሐሳብህ ካንተ ቀድሞ አርጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጣራዎቹን ሬንጅ ለቀለቋቸው፤ ነውሩ እንዳይታይ ቀይ ቀለም ደረቡበት። በ1960ዎቹ ጣሊያናዊው ሳንድሮ አንጀሊኒ መጥቶ ያንኑ ሬንጅ ሲያስፍቅ ከረመ። የአለት ቤተ ክርስቲያን አስፋልት ናት እንዴ?

አሁን የመጨረሻዋን ካርታ መዘዘ። «ጣራ ተሠርቶለት የለ? አለቀ!» አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2008 በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ 4 ግዙፍ የብረት መጠለያዎች ቆሙ። ከ11ዱ አብያተ ክርስቲያናት 5ቱን ሸፈኑ። «ጊዜያዊ ናቸው» ተባለ። እኛ አገር ጊዜያዊ ማለት ስንት ዓመት እንደሆነ ከአንተ በላይ ማን ያውቃል? «ለጊዜው ነው» ብለህ አክስትህ ቤት ከገባህ ወዲህ ልጆቿን ድረሃል! የላሊበላ ሰው ግን እንዳንተ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ2018 አደባባይ ወጥቶ ጠየቀ፤ ይኼ ሁሉ ብረት አንድ ቀን ነፋስ ቢገፋውስ? ጣራ ብላችሁ ጣር አመጣችሁብን እኮ! እኔ ከከተማው ሰው ጋር ነኝ። አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ብረቱን ማንሳት ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። መጀመሪያ ስንጥቁ በባለሙያ እጅ ይደፈን፤ ጃንጥላ የሚታጠፈው ከዚያ በኋላ ነው። ልብስ ሳያዘጋጁ ካፖርት ማስወለቅ አንተ ያመጣኸው ፋሽን ነው።

ምን ቀረህ? ዝና! «በዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከተመዘገቡት 12 ቦታዎች አንዱ የኛ ላሊበላ ነው» እያልክ ደረትህን ትነፋለህ። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ነው የተመዘገበው። ግን «ዝና» ብለህ አፍህን ቶሎ ካልገጠምክ «ዝናብ» ይሆንብሃል። መዝገቡ ስም ይይዛል እንጂ ውሃ አይይዝም። ዩኔስኮም ቢሆን ፓሪስ ቁጭ ብሎ ላስታ ላይ ጃንጥላ አይዘረጋልህም።

ስለዚህ የቅርስ ሹሞች፣ ሰኔ ሳይገባ ቦዩ ይጠረግ፤ ለጥገናው በጀት ይያዝ፤ ድንጋይ መጥረብ የሚያውቀው የአገሬው ልጅም ሥራው ላይ ይግባ። አንተም ወንድሜ መምጣት ትችላለህ። ምላስህን ብቻ ይዘህ ከሆነ ግን ይቅርብህ፤ እዚያ የሚፈለገው አካፋ ነው።