ፍሬን የሌለው መርከብ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖር ሰው ሁሉ ደመወዝ የማይከፈልበት አንድ ተጨማሪ ሙያ አለው፤ የትራንስፖርት አማካሪነት። ስለ አገር ጉዳይ ሲጠየቅ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ የሚሸሸው ጎረቤቴ፣ ከቡራዩ መርካቶ ለመድረስ የትኛውን መኪና መያዝ እንደሚሻል ከጠየቃችሁት ወንበር ስቦ ይቀመጣል። ሚኒባስ ነው የሚል አለ። ሃይገር ነው የሚል አለ። ቅጥቅጥን የሚያህል የለም የሚል አለ። የከተማ አውቶቡስ እስኪመጣ ቆሞ የሚጠብቅ ትዕግሥተኛም አልጠፋም። ሁሉም ልምድ አላቸው፣ ሁሉም ማስረጃ አላቸው፣ አንዳንዶቹማ ጠባሳም ያሳያሉ።

ቨርጂኒያ የምትኖረው ታናሽ እኅቴ ይህን የቤተሰብ ሀብት ስለምታውቅ ነው መሰለኝ፣ በሐምሌ ደውላ «ወንድም ጋሼ፣ ክሩዝ ልሄድ ነው፤ ርካሽ ርካሾቹን አይቼ ግራ ገባኝ፤ የትኛውን ልያዝ?» ያለችኝ። ክሩዝ የሚሉት ትልቅ መርከብ ላይ ተሳፍሮ፣ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ተኝቶ፣ አንድ ሁለት ወደብ ረግጦ ወደ ተነሡበት መመለስ ነው። የቡራዩ ሰው ወደ ተነሣበት መመለስን በደንብ ያውቀዋል፤ አስኮ ላይ መንገድ ተዘግቶ ታክሲው ሲዞር ማለት ነው። ለደስታ ብሎ ሲያደርገው ግን አላየሁም።

ችግሯ የምክር ማነስ አልነበረም። የሥራ ባልደረቦቿን ጠይቃ ነበር። አንዷ ካርኒቫልን ያዢ፣ ጨዋታና ጭፈራ የሞላበት ነው ብላታለች። ሌላው ያንኑ ካርኒቫል አትያዢ፣ ጨዋታና ጭፈራ የሞላበት ነው ብሏታል። ሦስተኛዋ ሮያል ካሪቢያንን አመስግናለች፤ መርከቡ ላይ የውኃ መንሸራተቻ አለው፣ አንዳንዱ የበረዶ ሜዳ አለው። እኅቴ መዋኘት አትችልም፤ በበረዶ ላይ መንሸራተትም አስባው አታውቅም። አራተኛው ኖርዌጂያን ይሻላል፣ ራት ብዪ ብሎ ሰዓት የሚመድብብሽ የለም አላት። አምስተኛዋ የጣሊያን ቤተሰብ ንብረት የሆነውን ኤምኤስሲን መከረቻት፤ ዋጋው ረከስ ይላል፣ ማስታወቂያውን በየቋንቋው ሲደጋግሙት ግን መስማት አለብሽ ብላ። ሁሉም የሚሉት እውነት ነው። እኅቴን ያደነቆራትም እሱ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ ወደ እኛ መጣ። እሑድ ከሰዓት ቤተሰቡ ቡራዩ እኔ ቤት ይሰብሰብና በስልክ እንነጋገር ተባለ። መሰብሰቡ ራሱ ቀላል ጉዞ አይደለም። ሦስቱም ከተሞቻችን በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚባል አንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል፤ በታክሲ አቆጣጠር ግን ገና አልተዋወቁም። ሰበታ ያሉት አጎቴ እኔ ጋ ለመምጣት አየር ጤና፣ ጦር ኃይሎች፣ ዊንጌት፣ አስኮ እያሉ አዲስ አበባን አቋርጠው ነው። ሱሉልታ ያለችው አክስቴም እንጦጦን ወርዳ፣ አዲሱ ገበያ ታክሲ ቀይራ፣ ዊንጌት ላይ ከአጎቴ ጋር ተገናኝታ ነው። ዙሪያውን ከብበን የምንኖር ሰዎች ስንጠያየቅ ሁልጊዜ በመሐል ከተማ በኩል ነው። ክሩዝ ማለት በየወደቡ እየቆሙ መሄድ ከሆነ አጎቴ ያን ዕለት አራት ወደብ ረግጠው መጡ።

አጎቴን ላስተዋውቃችሁ። ከመካከላችን መርከብ ላይ የሠሩ እሳቸው ብቻ ናቸው። ምጽዋ በባሕር ኃይል አገልግለዋል፤ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ። መርከቧ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ንብረት የነበረች፣ በ1954 ዓ.ም. ለእኛ የተላለፈች፣ በ1983 ዓ.ም. ወደ የመን ሄዳ በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት የተሸጠች ናት። አጎቴ ስለዚህ የመጨረሻው ነገር ከተነሣ ያን ቀን እህል አይቀምሱም፤ አናነሣባቸውም። አሁን ጡረታ ወጥተው የሚኖሩት ሰበታ ነው፤ «ባሕሩ ደጃፌ ድረስ መጣልኝ» ይላሉ። የጅቡቲው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ መነሻው ሰበታ ነውና፤ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሱፍ ለብሰው ወጥተው ነበር። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ከከተማቸው ተነሥቶ ጅቡቲ ወደብ ይደርሳል። ሰው የሚሳፈረው ግን ለቡ ነው፤ ለቡ ለመድረስ ደግሞ ያው ታክሲ መያዝ አለባቸው።

ሌላም ነገር አለ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልንገራችሁ። ቀይ ባሕርን ያልፈሩት አጎቴ ከሰበታ እስከ አየር ጤና ሚኒባስ ያዞራቸዋል። ሎሚ ይዘው ነው የሚሄዱት። ጋቢና ካልተሰጣቸው አይሳፈሩም። ሞተር ላይ ተቀመጡ ያላቸው ረዳት እስከ ዛሬ የተረገመ ነው።

ስብሰባው ተጀመረ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሆነ፣ እኅቴ ከዚያ ማዶ አማራጮቿን ታነብባለች።

የመጀመሪያውን ጥያቄ አክስቴ ጠየቀች፤ «ፍሬኑ እንዴት ነው?»

አክስቴ መኪና የምትመዝነው በዚህ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ወተት ይዛ በእንጦጦ በኩል አዲስ አበባ የወረደች ሴት ናት። ወንበሩ ቢቀደድ፣ መስኮቱ ባይዘጋ፣ ሙዚቃው ቢጮህ ግድ የላትም፤ ቁልቁለቱን ሲይዝ የፍሬኑን ድምፅ ታዳምጣለች። ዳገቱ ላይ ሞተር ቢደክም ምንም አይደለም ትላለች፤ ጠዋት ጠዋት ሱሉልታ ልምምድ የሚያደርጉት አትሌቶች ታክሲዋን ቀድመዋት ሲያልፉ «እሰይ ልጆቼ» ብላ ትመርቃለች እንጂ አትናደድም።

«መርከብ ፍሬን የለውም» አሉ አጎቴ፣ በባለሙያ ኩራት።

ጸጥታ ሆነ።

«ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው?»

«መዘውሩን ወደ ኋላ ማዞር ነው እንጂ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ትልቅ መርከብ በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ቁም ቢባል ኪሎ ሜትሮች ይፈልጋል። ከዊንጌት እስከ አስኮ በይው።»

«እንግዲያ ወራጅ አለ ብትልስ?»

«ዊንጌት ላይ ብትጮህ አስኮ ነዋ የምትወርደው» አለ የወንድሜ ልጅ።

«እሱማ እኛም አገር እንዲሁ ነው» አልኩ እኔ፤ ማንም አልሳቀም። አክስቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ልጄ አትሄድም» ብላ ወሰነች። «ባሕር ካማራት እዚሁ ጣና አለላት፤ ትምጣና ከባሕር ዳር ጎርጎራ ትሂድ፤ ገዳማቱንም ትሳለም።» የወንድሜ ልጅ ጣልቃ ገባ፤ «እትዬ፣ ጣና ነሽ ሁለት የምትባለዋ በ2017 ዓ.ም. ስትመጣ አላዩም? ከጅቡቲ እስከ ባሕር ዳር በከባድ መኪና ተጭና ነው የመጣችው። መርከቧ ራሷ በመኪና ነው የሄደችው!» አክስቴ ግን ይህን እንደ ነቀፋ አልሰማችውም። በመኪና የሄደች ከሆነ ፍሬን አላት ማለት ነው።

የወንድሜ ልጅ ረዳት ነው፤ በሚኒባስ። ቡራዩ አሸዋ ሜዳ ላይ ቆሞ «አንድ ሰው የቀረው!» ብሎ ሲጣራ ውስጥ አራት ወንበር ባዶ ነው። እሱ ስለ መርከብ የፈለገው ቁጥር ነው። እኅቴ በዓለም ላይ ካሉት ትልልቆቹ አንዱን፣ በጥር 2016 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የሮያል ካሪቢያን «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» አነበበችለት፤ ርካሹ እሱ ባይሆንም ለማወዳደሪያ ብላ። በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ሲገባ 5,610 መንገደኛ፤ እስከ ጥጉ ሲሞላ 7,600።

«በቃ ገባኝ» አለ ልጁ። «5,610 ሕጋዊው ነው። የቀረው ትርፍ ነው።»

«ሠራተኛው 2,350» አለች።

ፊቱ በራ። ለአንድ ተሽከርካሪ 2,350 ረዳት። እንዲህ ያለ ነገር አለ ብሎ አስቦ አያውቅም። «ሂሳብ የሚሰበስበው የትኛው ነው?»

ሁላችንም ያልጠበቅነው ጥያቄ እሱ ነበር፤ ልጁ ሙያው ስለሆነ ዋናውን ነገር ነካው። ምክንያቱም ርካሽ ክሩዝ ሂሳብ የሚሰበስበው ከተሳፈሩ በኋላ ነው። እኅቴ ያየችው ዋጋ ከወር የቤት ኪራይዋ ያንሳል። ከዚያ የወደብ ቀረጥ ይጨመራል። ከዚያ ጉርሻ፤ በሰው በቀን ከ15 ዶላር በላይ፣ እጅሽን ሳትዘረጊ ራሱ የሚቆረጥ። ከዚያ ኢንተርኔት። ውኃና ሻይ፣ በአዳራሹ የሚቀርበውም ምግብ ነፃ ነው፤ ለስላሳና ቢራ በገንዘብ ነው። ባልቲሞር ወደብ መኪና አቁመሽ ከሄድሽ እሱም በቀን ይታሰባል። መስኮት ያለው ክፍል ከፈለግሽ ጨምሪ፤ በረንዳ ካሰኘሽ ደግሞ ጨምሪ። ሚኒባሳችን ታሪፉን መስተዋት ላይ ለጥፎ፣ አመሻሽ ላይና ዝናብ ሲጥል ሌላ ዋጋ እንደሚጠራ ሁሉ እነሱም የለጠፉት ታሪፍ አለ፣ የሚጠሩትም አለ። ልዩነቱ እነሱ ትርፉን ሁሉ በደቃቅ ፊደል ጽፈው አስቀድመው ማስፈረማቸው ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ይኸ ነው። ዋጋው የተተመነው አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰው ይተኛል ተብሎ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ብዙውን ጊዜ የሁለቱንም ይከፍላል።

አክስቴ ይህን ደጋግማ አስነገረች። «ማነው ሁለተኛው?»

«ማንም፣ እትዬ። ባዶ ነው።»

«ባል ሳታገባ የባል ቦታ ትከፍያለሽ?»

ከዚህ በኋላ ስብሰባው ለረጅም ጊዜ ስለ መርከብ መሆኑ ቀረ። እኅቴ ላለመስማት «መስመሩ ይቆራረጣል» እያለች ነበር፤ እዚህ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ወደ ጉዳዩ የመለስኳቸው እኔ ነኝ፣ ስለ ካርኒቫል አንብቤ የነበረውን በመንገር። ይህ ዛሬ በዘርፉ ከዓለም አንደኛ የሆነው ድርጅት በ1964 ዓ.ም. ሲጀምር የነበረው አንድ አሮጌ መርከብ ነበር፤ «ማርዲ ግራ» የሚባል። የመጀመሪያ ጉዞውን ከማያሚ ሲጀምር ገና ከወደቡ ሳይርቅ አሸዋ ላይ ወጥቶ ቀረ። መንገደኞቹም ከተማው ፊት ለፊት እየታያቸው መርከቡ እስኪላቀቅ መጠጣታቸውን ቀጠሉ። የወንድሜ ልጅ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ «ከመናኸሪያ ሳይወጣ!» አጎቴ ግን አልሳቁም። «ተላቀቀ?» አሉ። ተላቋል አልኳቸው። «ካፒቴን አለው ማለት ነው» ብለው ለካርኒቫል ድምፃቸውን ሰጡ። ምክንያቱን ሲጠየቁ ደግሞ፣ እሳቸው በሚያውቁት መርከብ ላይ ትርዒት የለም፤ ያለው ጠዋት ዝገት መፋቅ፣ ከሰዓት ቀለም መቀባት ነው። ጭፈራ አለ ከተባለ ትሂድ።

ሰዓቱ ሲመሽ አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከመካከላችን ስለ መርከብ የመከረ ሰው የለም። አክስቴ የመከረችው ስለ እንጦጦ ቁልቁለት ነው፤ አጎቴ ስለ ቀለም ቡሩሽ፣ ልጁ ስለ ትርፍ ጭነት። የእኅቴ ባልደረቦችም እንዲሁ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ጭፈራውን የጠላው ሰውዬ ቤቱ ውስጥ ጡሩምባ የሚነፋ ጎረምሳ አለው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሰው ርካሽ ነገር ሲመርጥልህ በዚያ ዋጋ የትኛውን መከራ መቻል እንደሚያቅተው ነው የሚነግርህ። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥኩትና እኅቴን «አንቺስ ምን ያስመርርሻል?» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «መጠበቅ» አለች። «ሰልፍና መጠበቅ። ለሱ ብዬ ነው ከአገር የወጣሁት።»

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ትልልቆቹ መርከቦች ተሰረዙ፤ 7,600 ሰው በአንድ ደረጃ ወደብ ሲወርድ ሰልፉን አስቡት። አነስ ያለ፣ ከባልቲሞር የሚነሣ፣ አውሮፕላን የማያሳፍራት ተመረጠ። ክፍሉ መስኮት የሌለው ይሁን ተባለ፤ ዐይኗን ጨፍና ለምትተኛበት በረንዳ ምን ያደርግላታል? የባል ቦታዋን ሲልቨር ስፕሪንግ ያለች ጓደኛዋ ልትይዘው ተስማማች፤ አክስቴ ይህን ሙሉ በሙሉ አልተቀበለችውም።

የቀረው ቀኑ ነበር። እኅቴ ያሰበችው ነሐሴ መጀመሪያ ነው፤ አክስቴ ፍልሰታን ቀንና ሌሊት የሥጋ ገበታ ከማይነሣበት መርከብ ላይ ማሳለፍ አይታሰብም አለች። ወደ መስከረም ተገፋ። ዋጋውም ወዲያው ወረደ። አክስቴ ይህን የጾሙ በረከት ነው አለች፤ አጎቴ ደግሞ በዚያ ወቅት አትላንቲክ ላይ አውሎ ነፋስ ስለሚበዛ ነው አሉ። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለተናገሩ እኅቴ የሰማችው የአክስቴን ብቻ ነው። ገንዘቡን ከፍላለች።

አጎቴን የሸኘኋቸው በሃይገር ነው፤ ያውም ፊት ለፊት ወንበር ላይ፣ ሎሚያቸውን አስይዤ። እናንተም እኛ ጋ የምትመጡ ከሆነ ከዊንጌት ሃይገሩን ያዙ። እስኪሞላ ይቆማል፣ ማስቲካና ሶፍት ሻጩ ሁሉ ይወጣበታል፣ ከኋላ ከተቀመጣችሁ ጉድጓዱን አንድ በአንድ ትቆጥራላችሁ። ግን ቡራዩ ካለ ቡራዩ ነው፤ አስኮ ላይ ውረዱ አይልም።