የ32 ሰዓቱ ረቡዕ

ልጃቸው ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ደውላ አራት ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገረቻቸው። ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ክርስትናው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ሁለቱም መምጣት አለባቸው፤ ቋንጣ ግን እንዳይዙ። ደብረ ብርሃን ያለው ቤት ሳምንት ሙሉ የተወዛገበው በአራተኛው ነገር ላይ ነበር። የአሜሪካ ጉምሩክ ሥጋ ነክ ነገር እንደማያሳልፍ መምህሩ አስረዱ።

«ሥጋ አይበሉም እንዴ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ይበላሉ።»

«እንግዲያው ምን ቸገራቸው?»

መምህሩ 34 ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የአትላንቲክን ውቅያኖስ በጠመኔ ስንቴ እንደተሻገሩት ቁጥር የለውም። አውሮፕላን ውስጥ ግን ገብተው አያውቁም። ወይዘሮዋም እንደዚያው ናቸው፤ ልዩነቱ፣ ወይዘሮዋ የማያውቁትን ነገር «አላውቅም» ማለት አይከብዳቸውም።

ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱም 23 ኪሎ ነው። መምህሩ አባዝተው 92 ኪሎ አሉ። ወይዘሮዋ 92ቱን ኪሎ ወደ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ መነዘሩት። ሻንጣዎቹ የሠፈሩ እህል ነጋዴ ሚዛን ላይ አንድ በአንድ ወጡ፤ ከልኩ ያለፈው ሁሉ ወደ ገላ ተዛወረ። ቦሌ ሲደርሱ ወይዘሮዋ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ ሹራብ፣ ነጠላና ጋቢ ደራርበው ነበር። የመምህሩም የካፖርት ኪስ ቆሎ ቋጥሯል።

ፍተሻው ላይ «ጫማ አውልቁ» ሲባሉ ወይዘሮዋ ደስ አላቸው፤ ጫማ የሚወልቅበት ቦታ የተከበረ ቦታ ነው። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኑ ማክሰኞ ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ አስተርእዮ ማርያም ነበርና ጠዋት የተቀዳ አንድ ሊትር ጠበል በእጅ ቦርሳቸው ይዘዋል። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ለንደን ላይ ፈሳሽ ፈንጂ ወደ አውሮፕላን ሊያስገቡ ሲዶልቱ የተያዙ ሰዎች ለዓለም ያተረፉት ሕግ አለ፤ መንገደኛ በእጁ የሚይዘው ፈሳሽ በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም። ወይዘሮዋ የፈታሹን ልጅ አንገት ላይ ማተብ አዩና ተስፋ አደረጉ።

«ልጄ፣ ጠበል ይደፋል?»

«አይደፋም እማማ። ግን አያልፍም።»

የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ተጠጣ። ከሰልፉ ሦስት መንገደኞች እየተሳለሙ ተጎነጩ። ልጁም ግራ ቀኝ አየት አደረገና እጁን ዘረጋ። ግማሽ ሊትሩ ግን «ለእግርዎ ውጋት» ተብሎ የመምህሩ ድርሻ ሆነ።

ይህ ግማሽ ሊትር ነው መምህሩን አውሮፕላኑ ከተነሳና የቀበቶው መብራት ከጠፋ በኋላ በመጀመሪያ ከወንበራቸው ያስነሳቸው። መጸዳጃ ቤቱን አገኙት፤ በሩንም ገፉት። ሲመለሱ ግን ፊታቸው ጠቁሯል።

«መብራት የለም። እዚህም ይጠፋል» አሉ።

የበረራ አስተናጋጇ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ይዛቸው ሄደች። የክፍሉ መብራት ቦግ የሚለው በሩ ከውስጥ ሲቆለፍ ነው። መምህሩ ደግሞ እንዳይቆለፍባቸው ፈርተው በሩን በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በድንግዝግዝ ነበር የተገላገሉት። ውኃው ሲለቀቅ ስለሚያሰማው ድምፅ ግን ዝም አሉ። ወይዘሮዋ ተራቸው ደርሶ ሲሰሙት «በስመ አብ!» ያሉት እስከ ሦስተኛው ረድፍ ድረስ ተሰምቷል።

የዚህ ጉዞ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፤ ወይዘሮዋ ጆሯቸው ተደፈነባቸው። «ወደ ላይ ስለወጣን ነው?» ብለው ጠየቁ። መምህሩ ይህን ጥያቄ 34 ዓመት ሲጠብቁት የኖሩ ይመስል ተስተካክለው ተቀመጡ።

«ወደ ታች ስለወረድን ነው።»

ሰውየው አልተሳሳቱም። የተሳፈሩበት ድሪምላይነር በ12,000 ሜትር ከፍታ ሲበር እንኳ፣ በመንገደኞቹ ክፍል ያለው የአየር ግፊት ከ1,800 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ ካለው ጋር እኩል እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። ከባሕር ጠረፍ ለሚሳፈር ሰው ይህ ደህና ተራራ መውጣት ማለት ነው። ቦሌ ግን ራሱ 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትርን ታልፋለች። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲጎን፣ ውስጡ ያለው አየር ቁልቁል ይወርዳል። ከደጋ የተነሱት ባልና ሚስት ሰማይ ለሰማይ ሲሄዱ ወይና ደጋ ገቡ ማለት ነው።

«የት ድረስ ወረድን?»

መምህሩ አሰቡ። «ባሕር ዳር ነን።»

«ለካ ለዚህ ነው የሞቀኝ!» ብለው ወይዘሮዋ ጋቢውን አወለቁ። እውነቱን ለመናገር ሙቀቱ የመጣው ከሁለቱ ቀሚስና ከሹራቡ ነው፤ መምህሩ ግን ትምህርቱ እንዲህ በቶሎ ፍሬ ሲያፈራ አይተው ማረም አልፈለጉም። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ወይዘሮዋ መንገደኞቹን ሁሉ የጣና ዳር ሰዎች አድርገው ማየት ጀመሩ።

እራት የመጣው ለሌሊቱ 6 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ሩብ ሰዓት ካለፈ ረቡዕ ይገባል፤ ረቡዕ ደግሞ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል ውኃ የለም። ሁለቱም ሰዓታቸውን እያዩ፣ ሳይነጋገሩ ጎረሱ። ወጡ አልጣማቸውም፤ ወይዘሮዋ «በርበሬው ሰልሏል» ብለው ፈረዱ። በርበሬው ያለ ጥፋቱ ነው የተፈረደበት። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው ደረቅ አየር የአፍንጫን የማሽተት ኃይል ስለሚቀንስ ምግቡ ሁሉ ይሰልላል፤ የሞተሩ ጉምጉምታም ያግዘዋል። ሉፍታንዛ መንገደኞቹ ምድር ላይ ዞር ብለው የማያዩትን የቲማቲም ጭማቂ ሰማይ ላይ ለምን እንደሚወዱት እስከ ማስጠናት ደርሷል።

ከቦሌ በተነሱ ከስምንት ሰዓት ገደማ በኋላ መንኮራኩሩ መሬት ነካ። ወይዘሮዋ እልል ብለው፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በሩ ዘንድ ቆሙ። አስተናጋጇ ገና ደብሊን መሆናቸውን ነገረቻቸው።

«ደብረ ምን?»

«ደብሊን፣ እማማ። ነዳጅ ልንቀዳ ነው።»

መምህሩ ይህንንም ተረከቡት። የደጋ አየር ስስ ነው፤ ክንፉን የሚደግፈውም ሞተሩ የሚስበውም ያንሳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ ሰውና ዕቃ እንደ ሞላ፣ ዋሽንግተን ድረስ የሚያዘልቅ ነዳጅ ጨምሮ ከቦሌ ይነሳ ቢባል ጭነቱ ይበዛበታል። ሲመለስ ግን የዋሽንግተኑ ደለስ ከባሕር ጠለል በላይ 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ አየሩ ወፍራም ነው፤ ጢም አድርጎ ቀድቶ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። ወይዘሮዋ ሰምተው ሲያበቁ «አህያም ዳገት ላይ ጭነት ይቀነስላታል» አሉ። እኔ የአየር መንገድ ባለሙያ ብሆን ኖሮ ማብራሪያውን ከዚህ አላስረዝመውም ነበር።

ከደብሊን በኋላ ሌሊቱ አልነጋ አለ። መምህሩ ሰዓታቸውን ከአዲስ አበባው አላነቃነቁትም፤ ጠዋት 1 አለ፣ 3 አለ፣ እኩለ ቀን ሆነ፤ መስኮቱ ግን ጥቁር ነው። በዚያ ኬክሮስ መሬት በሰዓት 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሽከረከራለች፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ከ800 እስከ 900 እያለ ይሸሻል። ንጋት ከኋላ እየተከተለ አይደርስም። ወይዘሮዋ ኢያሱን አነሱ፤ ኢያሱ በገባዖን ፀሐይን አቆመ፤ እነዚህ ምን ቤት ናቸው ሌሊቱን የሚያቆሙት? አዲስ አበባ ላይ ማክሰኞ ማታ ፀሐይ ከጠለቀች ጀምሮ በመስኮቱ ወገግ እስኪል ከ20 ሰዓት በላይ አልፏል።

ቁርስ ሲመጣ የመምህሩ ሰዓት ለ9 ሩብ ጉዳይ ይላል። ልጃቸው አስቀድማ ያዘዘችው የጾም ምግብ ነው። መምህሩ ትሪውን ሳይገልጡ፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ዓይናቸውን ሰከንድ ቆጣሪዋ ላይ ተክለው ተቀመጡ። 9 ሰዓት ሲል አማተቡና ጀመሩ።

«ምን እያደረጉ ነው አንቱ?»

«9 ሰዓት ሆነ እኮ።»

«ገና መንጋቱ ነው!» ወይዘሮዋ ወደ መስኮቱ ጠቆሙ። የድሪምላይነር መስኮት መጋረጃ የለውም፤ በቁልፍ እየጠቆረና እየነጣ የሚሄድ መስታወት ነው፤ በዚያ ሰዓት ሰማያዊ ጠቁሮ ነበር። በዚያ ጥቁረት ውስጥ አንድ የገረጣ ክብ ነገር ከደመናው በላይ ተቀምጧል።

«ጨረቃ ናት» አሉ መምህሩ፤ ክርክሩን በአቋራጭ ለመርታት።

ወይዘሮዋ ቁልፉን ተጫኑት። መስታወቱ ቀስ በቀስ ሲነጣ ጨረቃዋ ጮራዋን ዘርግታ ፀሐይ ሆነች፤ ገና ከአድማስ መነሳቷ ነው። ክርክሩ ግን አላለቀም። መምህሩ የሚጾሙት በጀመሩበት አገር ሰዓት ነው፤ ወይዘሮዋ ደግሞ የሚጾሙት ፀሐይዋ ባለችበት። እኔ በዚህ አልፈርድም። ሂሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ረቡዕ የጀመረና ዋሽንግተን ላይ ረቡዕን የጨረሰ ሰው በጥር ወር የ32 ሰዓት ረቡዕ ይደርሰዋል። እስከ 9 የሚጾም ከሆነ ደግሞ፣ እህል የማይቀምሰው ለ23 ሰዓት ነው። ወይዘሮዋ ትሪውን መለሱ።

ደለስ ሲያርፉ የመምህሩ ሰዓት ቀኑ 10 ሰዓት ይላል፤ የደለስ ጠዋት ገና 2 ነው። ከአውሮፕላኑ ወርደው የገቡበት ሰፊ ክፍል ከነሰዎቹ ተነቅሎ መንቀሳቀስ ሲጀምር ወይዘሮዋ ምሰሶ ጨበጡ። ባለ ጎማ ሳሎን ነው፤ አውሮፕላን ማረፊያው በ1962 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲከፈት ጀምሮ መንገደኛ ያመላልስበታል። ውጭው ብርድ ነው፤ ቺካጎ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የወረደችበት ሳምንት ነበር። ልጃቸው ካፖርት ይዛ ስትሮጥ ብትመጣ ሁለቱም ሳቁባት። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ውርጭ ረስታዋለች ማለት ነው።

ቤት ደርሰው ሕፃኗን አቅፈው፣ ስመው፣ መርቀው ሲያበቁ ሽሮው ቀረበ። መምህሩ ለሁለተኛ ጊዜ በሉ። ወይዘሮዋ ወንበሩን ከምድጃው ፊት ለፊት አዙረው፣ ምድጃው ላይ የሚያበራውን ሰዓት እያዩ እስከ 9 ተቀመጡ፤ ልጅቷ «እማዬ፣ መንገደኛ እኮ ይፈታለታል» ብትል ቀና ብለውም አላዩዋት።

የመመለሻው ቲኬት የተቆረጠው ለሰኔ ነው። ቀኑን ወይዘሮዋ ራሳቸው መረጡ፤ አርብ እንዲሆን። ወደ ምሥራቅ ሲበሩ ቀኑ እንደሚያጥር ከመምህሩ ተምረዋል፤ ረቡዕ የወሰደባቸውን 8 ሰዓት አርብ ይመልስላቸው።

«7 ነው የሚመለስልሽ» አሉ መምህሩ።

«ስምንት ነው የሰጠሁት!»

መምህሩ አሜሪካኖች በመጋቢት ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት እንደገፉት፣ በእነሱ በጋ ከአዲስ አበባ ጋር ያለው ልዩነት 7 ብቻ እንደሆነ አስረዱ። ወይዘሮዋ የልጅ ልጃቸውን ከአንዱ ጉልበት ወደ ሌላው አዛውረው ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አሉ።

«ቋንጣ አላሳልፍ ያሉት ጊዜ ነው ያወቅኋቸው» አሉ።