መዳፌና ኮረንቲው

በእኛ ጊዜ በእርጥብ እጁ ማብሪያ ማጥፊያ የነካ ልጅ ይገረፍ ነበር። ይኸው ዛሬ የልጅ ልጄ ሁለት ጎድጓዳ ትሪ የቧንቧ ውሃ ሞልታ፣ ኮረንቲ ለቅቃበት፣ ሁለት እጇን ነክራ ሳሎኔ ውስጥ ተንፈላሳ አገኘኋት። ስጮህ ጊዜ «አባባ፣ አይደንግጡ፤ 15 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ለላቤ ነው» አለችኝ።

ላቡስ የእኔ ነው። ለልጆቼ ያወረስኩት መሬት የለም፤ መዳፍ የሚያንጠባጥብ ላብ ግን በዘሬ ተንከባሎ እሷ ላይ ደረሰ። የምታማርረው ስልኳ የጣት አሻራዋን አልቀበልም ስላላት ነው። ይሄም መከራ ሆኖ! እኔ በ1960 ማትሪክ ስፈተን ከመዳፌ ሥር መሃረብ አንጥፌ እንኳ ቀለሙ ተጨማልቆ የጻፍኩትን ራሴም ማንበብ አቅቶኝ ነበር። አማቴ መጀመሪያ የጨበጡኝ ቀን እጃቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ አይቻለሁ፤ ያላየሁ መስሏቸዋል። በደርግ ጊዜማ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጨብጦኝ «ጓድ፣ ምን ደብቀህ ነው እንዲህ የሚያልብህ?» አለኝ። ከዚያ ወዲያማ ጭራሽ ባሰበት።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። ጃፓናዊው ኢቺሃሺ በፈረንጆቹ 1936 ሞክሮታል። በ1952 ቡማንና ሌንትዘር ጽፈውበታል። በ1968 ሌቪት የሚባል ሐኪም ቀለል ያለ መሣሪያ አሳወቀ። የእነሱ 1968 እኮ የእኛ 1960 ነው! እኔ ፈተና ላይ መሃረብ ሳነጥፍ መድኃኒቱ ታትሞ ተቀምጧል፤ ሹክ ያለኝ ሰው የለም።

ቀለበት ይወልቃል፣ ጭረት ካለ ቫዝሊን ይቀባል፣ ከዚያ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ መጎለት ነው፤ መጀመሪያ ሰሞን በሳምንት ሦስቴ። በጥቂት ሳምንት ይደርቃል አሉ፤ ግን እንደ ቤት ኪራይ በየጊዜው ካልከፈሉት ላቡ ተመልሶ ይገባል። «እንዴት አድርጎ ነው የሚያደርቀው?» ብላት፣ ሐኪሞቹም በእርግጥ አልደረሱበትም አለችኝ። እኔ ሥር ምሼ ቅጠል በጥሼ «እንዴት እንደሚሠራ አላውቅም፣ ብቻ ንከሪው» ብላት ኖሮ ስንት ስም ባወጣችልኝ!

ይሁን ብዬ እጅጌዬን ሰብስቤ ጠጋ አልኩ። ትሪውን ከፊቴ አነሣችው። ልቤ ላይ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ተተክሎልኛልና ክልክል ነው፤ እርጉዝም አይፈቀድላትም አሉ፣ ከእርጉዝ ጋር መደብ ገባሁ። ዕድሜ ልኬን ስጠብቀው የኖርኩት መድኃኒት ቤቴ ድረስ ሲመጣ፣ የልቤ ኮረንቲ የእጄን ኮረንቲ አላስገባም አለ።

የቀረልኝ ሎሌነት ነው። እሷ እጇ ውሃ ውስጥ ነውና ስልክ ሲጮህ አነሣለሁ፣ በር ሲንኳኳ እከፍታለሁ፣ ፀጉሯን ከዓይኗ ላይ እመልሳለሁ። ትናንት ቡና ተፈልቶ «አባባ፣ ቆሎ ያጉርሱኝ» አለች። ዘግኜ አጎረስኳት። አላመጠችና ፊቷን አጨማደደች።

«ኧረ አባባ፣ ቆሎው እኮ ረጥቧል!»