«ወራጅ አለ»፦ ስለ መውረድ የቀረበ አጭር ጥናት

የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፋሪ መውረድ ሲፈልግ «እወርዳለሁ» አይልም። «ወራጅ አለ!» ይላል፤ ስለ ሌላ ሰው እንደሚመሰክር። ሊቃውንቱ ይህን ጉዳይ ዝም ብለው ማለፋቸው ያሳዝናል።

ሥርወ ቃሉ አያከራክርም። ግዕዙም አማርኛውም «ወረደ» ይላል፤ ከ«ሄደ» ሂያጅ እንደተገኘ ከ«ወረደ» ወራጅ ተገኘ። «ውርደት» እና «ወራዳ» ከዚያው ቤት መውጣታቸውን ግን ልብ ይሏል። መላምታችንም ከዚህ ይነሣል፦ በሰው ፊት «ወራጅ ነኝ» ማለት የከበደው ጨዋ ነገሩን ስሙ ላልተጠቀሰ ሰው አሳልፎ ሰጠው። በበቅሎ ዘመን መውረድ ነውር አልነበረም። ትልቅ ሰው ያጋጠመው መንገደኛ ከበቅሎው ወርዶ እጅ ይነሣ ነበር። ዛሬ ለሌላው ሲል የሚወርድ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ እሱም በሩ አጠገብ ታጣፊዋ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነው።

ይህ ሰው ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል። ከኋላ ያለው ሲነሣ እሱ ቀድሞ ይወርዳል፣ ወንበሯን ያጥፋል፣ በሩን ተደግፎ ይቆማል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ወንበሯን ይዘረጋል። ከመገናኛ አራት ኪሎ እስኪደርስ ደጋግሞ ወርዷል፤ ግን ወራጅ አይባልም። እኛ «ተባባሪ ወራጅ» ብለነዋል። ሒሳብ አይቀነስለትም።

የቃሉ አተላለፍም አስገራሚ ነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለች ዓይን አፋር ልጅ በሹክሹክታ ትጀምረዋለች፤ ከፊቷ ያሉት እናት ድምፅ ይጨምሩበታል፤ ወያላው ያውጀዋል። ከዘፈኑ ጋር ታግሎ ሾፌሩ ዘንድ ሲደርስ ፌርማታው አልፏል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ማንም ሳይጮህ ጣቢያው ላይ ይቆማል። እግር ኳሱ ግን ቃሉን ተውሷል። ቢሆንም «ወራጅ ቀጠና» ውስጥ ያለ ክለብ «ወራጅ አለ!» ብሎ ሲጣራ አልተሰማም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የጥያቄ ዝርያው ነው። ፌርማታው ሲቃረብ ወያላው «ወራጅ አለ?» ይላል። ዝም። «ሳበው!» ይላል። ታክሲው ከተፈተለከ በኋላ፣ እስከዚያ ስልኩ ላይ ያቀረቀረው ጎልማሳ ብድግ ይልና «ወራጅ አለ እኮ!» ብሎ ይቆጣል።

«ቅድም የት ነበርክ?» ይለዋል ወያላው። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠ ወራጅ እስካሁን አልተመዘገበም።