ዳገት የነበራት አውሮፕላን

እናንተ «የአፍሪካ ትልቁ አየር መንገድ» እያላችሁ ደረታችሁን ንፉ። እኔ የማውቀው ትንሹን ነው፤ እሱም ጥሎን ከሄደ ቆየ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም እጁን ይዘው ዳዴ ያስባሉት ቲ.ደብሊው.ኤ. የሚባሉ አሜሪካኖች ናቸው። ሀብቱ ከጦርነት የተረፉ አምስት ሲ-47 አውሮፕላኖች ነበሩ። መጋቢት 30 የመጀመሪያዋ በአሥመራ አድርጋ ካይሮ ገባች። ሰው ግራና ቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ በተርታ ይቀመጣል፣ ዕቃው መሀል ይጫናል። የእኛ አይሱዙ ዛሬም እንደዚያው ነው፤ ማን ታሪክ ጻፈለት?

ኋላ የእሷው እኅት ዲሲ-3 አገር ቤት ትመላለስ ጀመር። ደብረ ታቦር ታርፋለች፣ ሞጣ ታርፋለች፣ መካነ ሰላም ታርፋለች። አስፋልት ካልተነጠፈልኝ አትልም። እረኛው ከብቱን ከሜዳው እስኪያባርር አንድ ጊዜ ዞራ ትጠብቃለች፤ ይህን ጨዋነት ዛሬ ከሚኒባስ ሹፌር ፈልጉ እስቲ! ሦስተኛ ጎማዋ ጅራቷ ሥር ስለሆነ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ቀስራ ነው የምትቆመው። በኋላ በር ገብተህ ወንበርህ ጋ እስክትደርስ ሽቅብ ትወጣለህ። ለእኛ ለጋይንትና ለስማዳ ሰዎች ከዚህ የሚስማማ ምን አለ? ገና ሳትነሳ ዳገት!

ከዚያ ትዊን ኦተር መጣች። ሃያ ሰው ቢገባባት ነው፤ ለአጭር ሜዳ ግን ወደር የላትም። እሷም ሄደች። በ2002 ዓ.ም. ኪው-400 መጣች፣ ከሰባ ሰው በላይ የምትጭን። ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ላሊበላ ትወርዳለች፤ እኛ ዘንድ ምን ጠፍቷት! በ2004 ድሪምላይነር ተጨመረ። አውሮፕላኑ በሰባ ቁጥር ከእኛ ይርቃል። የግሎቹስ ብትሉኝ፣ እነ አቢሲኒያን ፍላይት ሰርቪስ ትንንሽ አውሮፕላን አላቸው፤ ግን ቻርተር ነው፣ ሙሉዋን ተከራይ ነው። በሬዬን ብሸጥ አንድ ክንፏን አይከራይልኝም።

ልጄ «አባባ፣ መንገድ ስለገባ እኮ ነው አውሮፕላኑ የቀረው» ይለኛል። የቱ መንገድ? ቻይኖች ከወረታ ወልድያ የሠሩት እንደሆነ በነፋስ መውጫ ነው ያለፈው፤ እኔ ስማዳ ነኝ! መንገዱ ለጋይንት ገባ፣ አውሮፕላኑ ግን ለሁላችን ቀረ። ይህ የማን ፍርድ ነው?

የልጅ ልጄ ደግሞ ባለፈው ከፍራንክፈርት ሲመጣ «በጉና ተራራ ላይ አለፍኩ፣ ከላይ አየኋችሁ» ብሎ ደወለልኝ።

«ታዲያ ያመጣህልኝን መነጽር ወርወር አታደርግልኝም ነበር?» አልኩት።

ይስቃል! መነጽሩ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ ባንድ ሌሊት ገብቷል። ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮ፣ ይኸው ደብረ ታቦር ሰው ቤት ተቀምጦ ወደ ከተማችን ወገዳ የሚመጣ መኪና ይጠብቃል።